አፈር በተነጠፈበት የዓሣ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ለማስገባት ስለሚያስፈልገው ጊዜ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤
ጅማ

አፈር ተነጥፎበት ዕፅዋት የሚተከልበት አኳሪየም ከሱቃችን የወሰዳችሁ ደንበኞቻችን፣ ገንዳው በተዘጋጀበት ዕለት ዓሣ የማንሸጥላችሁ ለምን እንደሆነ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጠናል።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። አፈር በውሃ ሲሸፈን በውስጡ ያለው ብስባሽ መበስበሱን ስለሚቀጥል አሞኒያ ወደ ውሃው ይለቀቃል። አሞኒያ ለዕፅዋቱ ምግብ ቢሆንም ዓሣን በጥቂት መጠን እንኳ ይገድላል። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደቀነሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በገንዳው ውስጥ በበቂ ሁኔታ እስኪበዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። አሞኒያም ሆነ ናይትራይት ቀለም ስለሌላቸው የውሃው መጥራት ማስረጃ አይሆንም።

አፈሩን ከግቢያችሁ ለማምጣት የምትፈልጉ፣ ፍግ፣ ዳፕ ወይም ዩሪያ ካልነካው ቦታ ውሰዱ። ከቡና ዛፍ ሥር ያለው ጥቁር የላይኛው አፈር ለጓሮ አትክልት የሚመሰገን ቢሆንም ቅጠልና ገለፈት ስለበዛበት ለገንዳ አንመክረውም። ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ቀይ አፈር በወንፊት ነፍታችሁ፣ በባልዲ ዘፍዝፋችሁ፣ የሚንሳፈፈው እስኪያልቅ ድረስ እየደፋችሁ እጠቡት። ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አደራ እንላለን፤ አፈሩ በወፈረ ቁጥር ታችኛው ክፍል አየር ያጣና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው፣ ዓሣን የሚመርዝ ጋዝ ይፈጠርበታል። በላዩ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በደንብ የታጠበ የወንዝ አሸዋ አልብሱት፤ ውሃውንም አሸዋው ላይ ባስቀመጣችሁት ሳህን ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ቢያንስ ለ24 ሰዓት በክፍት ዕቃ ይቆይ።

ከሳምንታት በኋላ ቀዩ አፈር በመስታወቱ በኩል ሲታይ ወደ ግራጫነት ቢለወጥ አትደንግጡ፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን ሲያጣ የሚያሳየው ለውጥ ነው። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ግን ሥር በደረሰበት ቦታ የዝገት መልክ ያለው ቀለም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ይህም ዕፅዋቱ በሥራቸው በኩል ኦክስጅን ወደ አፈሩ እንደሚያስገቡ ያሳያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የገንዳውን ወለል አብዛኛውን ክፍል የሚሸፍን፣ ቶሎ የሚያድግ ተክል ትከሉ። ጥቂት ዘንጎችን ብቻ ተክሎ መጠበቅ ቁጠባ ቢመስልም አሞኒያውን የሚወስድ ስለማይኖር በረከቱ ለአልጌው ይሆናል። መብራቱንም በቀን ለ8 ሰዓት ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አታብሩ።

ተክሉን ከቦዬ ረግረግ ወይም ከአዌቱ ወንዝ እንዳትለቅሙ አጥብቀን እናሳስባለን፤ ከቅጠሉ ጋር ቀንድ አውጣ ሊመጣ ይችላል፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትም በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች ናቸው።

የዓሣውን ብዛት በተመለከተ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ መመሪያ ለእኛ እንዳለ አይሠራም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በእኩል ሙቀት ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሌሊት ደግሞ ዕፅዋቱ ራሳቸው ኦክስጅን ይጠቀማሉ፤ መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ከቆመ ዓሣ በበዛበት ገንዳ ላይ ጉዳቱ እስኪነጋ አይቆይም።

በ4ኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ከገንዳችሁ ጥቂት ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ ይዛችሁ ብትመጡ ያለ ክፍያ እንመረምርላችኋለን። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሆኖ ሲገኝ ጥቂት ዓሦችን እንሰጣችኋለን፤ ቀሪዎቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ትወስዳላችሁ። እስከዚያው የመረጣችኋቸው ዓሦች በሱቃችን በስማችሁ ተይዘው ይቆያሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች