ለጅማ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት፦ መጥታችሁ አየራችንን አሽትቱልን

ክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አነስተኛ ጥፍር ቤት አለኝ። ሦስት ወንበር፣ አራት ሠራተኛ፣ አንድ ረከቦት። «መጥታችሁ ተቆጣጠሩኝ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ነጋዴ ብዙም እንደማይገጥምዎ አውቃለሁ። ጎረቤቶቼም ይህን ሲያነቡ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» ማለታቸው አይቀርም።

የነካኝ ጣቴን ነው።

ሥራውን ስጀምር እንደ ማንኛዋም ልጅ በባዶ እጄ ነበር የምሠራው። ጥፍር ላይ የምንቀባው ጄል ጣቴ ላይ ሲፈስ በሶፍት እጠርገዋለሁ፣ አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ ጫፍ ያሳክከኝ ጀመር። ቀጥሎ ቆዳው ተሰነጣጠቀ። በረኪናው ነው ብዬ በረኪና ተውኩ። ሳሙና ቀየርኩ። ያልተቀባሁት ቅባት የለም። በመጨረሻ ወጥ በእጄ መብላት አቃተኝ፤ በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ያንገበግበኛል። እንጀራ በሹካ የሚበላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስደርስ እጄን ገና ሳያገላብጥ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እሱ ነዋ» አለ።

ጄልም ሆነ አክሪሊክ ጥፍር የሚሠራው አክሪሌት ከሚባሉ ኬሚካሎች ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ ቆዳ ከነኩ አለርጂ ያስነሳሉ። አንዴ ከተነሳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ጥፍር ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋኝ። የዚሁ ቤተሰብ ኬሚካሎች ግን ጥርስ ሲሞላም፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከአጥንት ጋር ሲያያዝም ያገለግላሉ። የስኳር ሕመምተኞች ክንዳቸው ላይ በሚለጥፉት መለኪያ ማጣበቂያ ውስጥም ይገኛሉ። የሃያ ዓመት ልጅ ዛሬ በባዶ እጇ ጄል ስትቀባ ውላ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ጉልበቷን ለምታሳክመው ሐኪም ችግር እያስቀመጠችለት ነው።

ይህ ምስጢር ሆኖ አይደለም የተደበቀብን። የአውሮፓ ኅብረት ከነዚህ አንዱ የሆነውን ሄማ (HEMA) የተባለውን ኬሚካል ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በባለሙያ እጅ ብቻ እንዲሠራበት አዟል። ዕቃው ላይም አለርጂ ሊያስነሳ እንደሚችል መጻፍ አለበት። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ደግሞ ጄሉ በመብራት እንዲደርቅ የሚያደርገውን ቲፒኦ የተባለ ንጥረ ነገር ጭራሽ ከልክሎታል። እዚያ የተከለከለ ዕቃ ቀጥሎ የት እንደሚራገፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ከጄሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ፈሳሹ ነው። አክሪሊክ ጥፍር ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ ነው የሚሠራው። ፈሳሹ በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ ኢኤምኤ (EMA) እና ኤምኤምኤ (MMA)። በስም የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፣ በዋጋ ግን በብዙ። ርካሹ ኤምኤምኤ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጥፍራቸው የተበላሸ፣ ጣታቸው የቆሰለ ሰዎች አቤት አሉ። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ንጹሕ ኤምኤምኤ የያዙትን የጥፍር ዕቃዎች ከገበያ አስነሳ። ሃምሳ ዓመት አለፈው።

እኔ ዘንድ ፈሳሹ እንዴት መጣ መሰላችሁ? በሃይላንድ። በውኃ ሃይላንድ ተቀድቶ፣ ስም የለው፣ የተመረተበት አገር የለው። የሸጠልኝን ሰው ስም አልጠራም፤ እሱም ከሌላ ነው የገዛው። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሲደርቅ ሞረድ አይበግረውም። ለማውጣት አሴቶን ውስጥ ብትነክሪው አይለቅም፤ ተፈልቅቆ ነው የሚነሳ፣ ሲነሳም የራስን ጥፍር ገፎ ይሄዳል። ላብራቶሪ አላስመረመርኩትም። ኤምኤምኤ ይለይባቸዋል የሚባሉት ሦስቱም ምልክቶች ግን ነበሩበት። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ሮጦ መጥቶ ያንን ሃይላንድ ውኃ መስሎት አነሳው። ክዳኑን ሲከፍት ሽታው መለሰው። የዚያን ቀን ማታ ደፋሁት ልል ነበር፤ የት ይደፋል? አዌቱ ወንዝ ውስጥ? ምንነቱን ሳላውቅ የገዛሁትን ዕቃ ማስወገዱንም እንደማላውቀው ያኔ ነው የገባኝ።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ጅማ የዝናብ አገር ነው። ክረምቱ ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። ሲዘንብ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንሠራው ኮንቴነር ውስጥ ወይም ከኋላው መስኮት በሌለው ሱቅ ነው። የአሴቶኑ ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ይውላል። በአሴቶን የራሰው ጥጥ ክፍት ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። ማሽኑ ሲሞርድ አቧራው ይነሳል። ፋን አለን እንላለን፤ ፋን ያንኑ አየር ከአንዷ አፍንጫ ወደ ሌላዋ ከማዞር በቀር የሚሠራው የለም። በኮሮና ጊዜ የለመድነውን ማስክ እናደርጋለን። እሱም አቧራውን ትንሽ ቢቀንስ ነው እንጂ ተኑን አያስቆመውም።

ከዚያ ቡና ይመጣል። ጅማ ነን፣ ደንበኛ ያለ ቡና አይሸኝም። ከሰሉ ይያያዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሽታው ይሸፈናል። «ቤትሽ እንዴት ደስ ይላል» ይሉኛል።

አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። ወለሉ ላይ ምን አለ? ፍም ያለበት የከሰል ምድጃ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ይለኮሳል፣ ያውም ጠርሙሱ አጠገብ፣ ምክንያቱም ማየት የሚያስፈልገን እዚያ ነው። ሌሎች ሲያደርጉት አይቻለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ልዋሽ አልፈልግም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ረከቦቱን ወደ በረንዳ አወጣሁት። መጀመሪያ ደንበኞች ቅር አላቸው። አሁን ጥፍራቸው ካለቀ በኋላም ከበረንዳው አልነሳ ብለው አስቸግረውኛል።

የተራው ኩቴክስ ነገርም አለ። በዓለም ላይ «ሦስቱ መርዞች» የሚል ስም ያተረፉ ኬሚካሎች አሉ፤ ቶሉይን፣ ፎርማልዴሃይድ እና ዲቢፒ። ቶሉይን የቀለም ማቅጠኛ ውስጥ ያለው ነው፤ ራስ ያዞራል፣ ራስ ያማል። ፎርማልዴሃይድን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። ዲቢፒ ለጽንስ አይበጅም ተብሎ አውሮፓ ውስጥ ከመዋቢያ ወጥቷል። «እነዚህ የሉበትም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መግዛት መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን የካሊፎርኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ የተጻፈባቸውን ቀለሞች አስመርምሮ፣ የለም የተባለውን ኬሚካል ከብዙዎቹ ውስጥ አግኝቶታል። እዚያ ይህ ከሆነ፣ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈውን የእኔን ብልቃጥ ምን ልመነው?

ከአራቱ ሠራተኞቼ አንዷ አሁን ነፍሰ ጡር ናት። ማታ ማታ ራሷን ያማታል። ከኬሚካሉ ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ወደ በሩ አስጠግቼ ሹሩባ ብቻ እንድትሠራ አድርጌያለሁ። እሷ ግን ቅር ብሏታል፤ ገንዘቡ ያለው ጥፍሩ ላይ ነው። ሌላዋ ሠራተኛዬ ደግሞ የስድስት ወር ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች። ማን ይያዝላት? ዓረፋ ወይም ፋሲካ ሲደርስ ከጠዋት እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት እንቆማለን። ያ ሕፃን እኛ የምንተነፍሰውን ነው የሚተነፍሰው።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያንም ይጨምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ደግሞ ሠራተኛን ከሥራ አደጋ የመጠበቁን ግዴታ አሠሪው ላይ፣ ማለትም እኔው ላይ ጥሎታል። ሕጉ ከእኔ ወንበር እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው የጠፋው።

ባለፈው ተቆጣጣሪዎች መጥተው ነበር። ከየት እንደመጡ አልናገርም፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ፈቃድ አዩ። ሽንት ቤት አዩ። የጤና ምርመራ ወረቀት ጠየቁ። መቁረጫውን እንዴት እንደምናጸዳ ጠየቁ፤ ልክ ናቸው፣ ደም የነካ መቁረጫ ሄፓታይተስ ቢ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ዓይኑን እያሸ «ምን ዓይነት ሽታ ነው ግን?» አለ። ከዚያ ፈርሞ ሄደ። ቅጹ ላይ ሽታ የሚሞላበት ቦታ የለማ።

የምጠይቅዎ ያንን ቦታ እንዲጨምሩልን ነው። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ማደስ ሲጀመር፣ የጥፍር ቤት ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይግባ፦ ከጠረጴዛው የሚነሳው አየር ወደ ውጭ ይወጣል ወይ? አየር ወደ ውጭ የሚስብ አስፒራተር ይበቃል። ነገር ግን እንደ ምግብ ቤት ኮርኒስ ሥር ከተሰቀለ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ተኑ ሠራተኛዋ ፊት ሳይደርስ እንዲሳብ በጠረጴዛው ቁመት፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ መሆን አለበት። እኔ አስገጥሜያለሁ። ግድግዳ መብሳቱን ያልወደዱት አከራዬ ብቻ ናቸው። ክዳን ያለው የቆርቆሮ ቅርጫትም ይጠየቅ። እሳት ከቤት ይውጣ። ጓንቱም ይታይ፤ ነጩን የሐኪም ጓንት አክሪሌት በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፣ ሰማያዊው ናይትራይል ይሻላል፣ እሱም ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ነው። ስም የሌለው ፈሳሽ ከተገኘ ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ከመቅጣት በፊት ከማን እንደተገዛ ይጠየቅ። እሱን ከኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር ሆናችሁ ብትከተሉት ምንጩ ጋ ትደርሳላችሁ።

ባለሙያ ከሩቅ ማስመጣትም አያስፈልግም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ትምህርት ያስተምራል። ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ ውስጥ እየላከ በማሠራትም ይታወቃል። ጉድጓድ ውኃና ሽንት ቤት የሚያጠኑት እነዚያ ልጆች ለአንድ ወር የጥፍር ቤቶችን አየር ቢያዩልንስ? ሥልጠናው ግን በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ ከሠራተኞቼ ሁለቱ በአፋን ኦሮሞ ነው በደንብ የሚገባቸው።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ማሸግ። ነገ መኪና መጥቶ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ቢሄድ፣ የሚጎዱት የምከላከልላቸው ልጆች ናቸው። ቤታቸው ሄደው፣ ያለ መስኮት፣ ያለ አስፒራተር፣ አልጋ ላይ ተቀምጠው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2016 የአየር ማስወጫ ደንብ ስታወጣ ቀድመው ለተከፈቱ ቤቶች አምስት ዓመት ሰጥታ ነበር። አምስት ዓመት አልልም። አንድ የበጀት ዓመት ስጡን፤ መጀመሪያ አስተምሩ፣ ከዚያ ቅጡ።

ለራሷ ጥቅም ነው የምትለፈልፈው የሚሉኝ ካሉ፣ አዎ፣ ለራሴም ነው። ስሙ የተጻፈበትን ፈሳሽ ስለምገዛ ዋጋዬ ከጎረቤት ይበልጣል። ደንበኛ ደግሞ ልዩነቱን አታየውም፤ ሁለቱም ጥፍር ሲያልቅ ያብለጨልጫል። ሁላችንም ላይ እኩል ደንብ ከወጣ ቢያንስ የምወዳደረው በእጅ ሙያ ይሆናል።

ስሜና ስልኬ ለጽሕፈት ቤታችሁ ባስገባሁት ቅጂ ላይ አሉ። ስትመጡ ሰኞ ጠዋት አትምጡ፤ ሰኞ ሁሉም ቤት ንጹሕ ነው። የበዓል ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል ኑ። ሳትነግሩን ኑ። ከኔ ቤት ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት እለፉ። ቅጹን ከማውጣታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቡናው በረንዳ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ጥፍር ቤት ባለቤት
ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ