በልጃችን የምርቃት ድግስ ላይ ከእሳት ላተረፋችሁን ሁሉ

ለሂርማታ ጎረቤቶቻችን፣ ለእድራችን አባላት፣ ለልጃችን ጓደኞችና በዕለቱ ለደረሳችሁልን ሁሉ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አላህ ይጨምርላችሁ፤ ገለቶማ! ቤታችን ቆሞ፣ ልጆቻችንም በጤና አጠገባችን ሆነው ይህን ለመጻፍ የበቃነው በእናንተ ነው። ያን ዕለት አቅፈናችሁ ከማልቀስ በቀር ማንንም በወጉ አላመሰገንንም። ስማችን አይነሳ ስላላችሁን ስም አንጠራም፤ የሠራችሁትን ግን ሰው ሁሉ ይወቅልን።

የሐምሌን የጅማ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ስላለና ድንኳኑም በእንግዳ ስለሞላ የጋዝ መጥበሻው በረንዳው ላይ፣ ከጣውላው ኮርኒስ ሥር ቆመ። ሥጋው ጮማ ነበር። ስቡ እየቀለጠ በተንጠባጠበ ቁጥር ነበልባል ብልጭ ይልና ይመለሳል፤ በኋላ ግን ከሥር ስብ የሚጠራቀምበት ትሪ ራሱ ተያያዘ። ከዚያ ወዲያ ማብሪያውን መቀነስ ምንም አልፈየደም፤ የሚነደው ጋዙ ሳይሆን ስቡ ነበርና። ነበልባሉ ኮርኒሱን መላስ ጀመረ።

እትዬ፣ አንድ እንግዳ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዞ ሲሮጥ «ውሃ እንዳትደፋ!» ብለው እጁን የያዙት እርስዎ ነዎት። ለምን እንደከለከሉት የገባን ረጋ ካልን በኋላ ነው። የሚነድ ስብ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት እጅግ የበለጠ የጋለ ነው፤ ውሃው ከሥሩ ሲገባ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ከ1,000 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ የሚነደውንም ስብ በዙሪያው ይረጨዋል። በረንዳው ላይ ሕፃናት ነበሩ። ዱቄት ይዛ የመጣችውንም ልጅ መለሷት፤ ዱቄት ራሱ የሚቀጣጠል ነገር ነውና። ከዚያ የብረቱን አክንባሎ ከጓዳ አስመጥተው፣ ፊትዎን ዞር አድርገው ከጎን በኩል ከደኑበት። እሳቱ አየር አጥቶ ጠፋ። «ከፍተን እንየው» ስንል ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላስነካም አሉን፤ ስቡ እንደጋለ አየር ካገኘ እንደገና ይያያዛል። ውለታዎን በምን እንከፍላለን?

ጋሼ፣ የብየዳ ቤቱ ባለቤት፣ እርስዎ ደግሞ እሳቱ ሲሊንደሩ ጋ ሳይደርስ ጋዙን ከራሱ ከሲሊንደሩ ላይ ዘጉት። ጎማው በሙቀት ተለብልቦ እንደነበር መጀመሪያ ያዩትም እርስዎ ነዎት። ከዚያ የጮኹት ስለ ቡናው ከሰል ነበር፤ ከሰሉን ከግቢ አስወጡት! የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ረከቦቱ የተዘረጋው ደግሞ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ነበር። እኛ ማንኛችንም ያንን አላሰብንም። በማግስቱም መጥተው አዲስ ጎማ ገጠሙልን፣ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀብተው አረፋው ሲነፋ የሚያፈስ መሆኑን እንደሚያሳይ ለልጆቹ አስተማሩልን።

የልጃችን ጓደኞች፣ የጤና ተማሪዎቹ፣ ወንድማችንን ያዳናችሁት እናንተ ናችሁ። ክንዱ ሲቃጠል የጥርስ ሳሙናና ቅቤ ያመጡለትን እያቆማችሁ፣ ሳያብጥ ቀለበቱን አውልቃችሁ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሥር ያዛችሁለት። እሱ እየተቆጣችሁ እንኳ አልለቀቃችሁትም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶችም እጃችሁ ይባረክ፤ ቁስሉ እየደረቀ ነው።

የእድራችን ዳኛና አባላት፣ ድንኳኑንና ዕቃውን ሰብስባችሁ፣ የተቃጠለውን ጣውላ ነቅላችሁ እስከ ማታ አልተለያችሁንም። አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ድንኳንና ድስት ስታውሱ ይህንንም አብራችሁ ንገሩልን፦ የጋዝ መጥበሻ ሜዳ ላይ፣ ከቤትና ከድንኳን ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይቁም፣ የስቡ ትሪም ገና ሳይለኮስ ተራግፎ ይታጠብ። ዝናብ ከሆነ መጥበሻው ይቅር፤ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ከበረንዳውም የከፋ ነው፣ ሸራው ለመያያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። ጥብሱ በድስት ቢሠራ ማንም እንግዳ አይቀየምም።

በመጨረሻ፣ ወንድማችንን በዚያ ዝናብ ሆስፒታል አድርሰህ ሂሳብ አልቀበልም ብለህ የሄድከው የባጃጅ ሾፌር፣ ሰሌዳህንም ስልክህንም አልያዝንም። መርካቶ አካባቢ እንደምትሠራ ነግረውናል። ይህ ከደረሰህ ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይፈላል፣ እናታችን ልትመርቅህ ትፈልጋለች።

መላው ቤተሰብ፣ ጅማ