አባባ፣ ላንድሮቨሯ ካምቢዮዋ ሳይወርድ ተሠርታለች

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ የዓይን ጠብታውን ሰዓት ሳያሳልፉ እንዲጨምሩ አደራ ብላለች። እቴቴ ግን ሐኪም ዘንድ ተቀምጠው እንኳ የሚያነሡት የላንድሮቨሯን ነገር እንደሆነ ነግራኛለች። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላላግባባን በደብዳቤ ላስረዳዎ ብዬ ነው።

መኪናዋ ዘይት ማፍሰሷን አቁማለች። ካምቢዮዋም አልወረደም። ያ መካኒክ «ወርዶ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ አይሆንም» ብሎ የጠራውን ዋጋ ያስታውሳሉ፤ በዚያ ገንዘብ ጥጃ ያላት ላም ይገዛ ነበር። የተበላሸው አንድ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው። እሱም ከሥር ተገብቶ፣ ካምቢዮው ቦታው ላይ እንዳለ ይቀየራል።

እርስዎ ክረምቱን ሙሉ የእጅ ፍሬኑን ሲወቅሱ ከረሙ። ሲያጠብቁት ለጥቂት ቀን ይይዝና መልሶ ይለቃል። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን እንደ ሌሎቹ የኋላ ጎማዎች ላይ አይደለም፤ ታምቡሩ ያለው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ከሁለተኛው ካምቢዮ ጀርባ፣ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ከሚነሣበት ላይ ነው። ዘይቱን የሚያግደው ሲል ሲያረጅ የሚፈሰው በቀጥታ ወደ ፍሬኑ ነው። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ በኋላ ቢያጠብቁት ምን ይይዛል? ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ ያዩት የነበረው ከፍሬኑ የተረፈውን ብቻ ነው።

ሥራውን ስጀምር ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስያዝኋቸው። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ዘንጉን ስለሆነ፣ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሣ ፍሬኑ ተስቦም መኪናዋ ልትሄድ ትችላለች፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ክሪክ ጨርሶ አልነካሁም። ላንድሮቨር ከፍ ያለች ናት፤ ሳትነሣም ሰው ከሥሯ ይገባል።

ዘንጉን የያዙትን አራት ቡሎኖች ፈትቼ ወደ ጎን አሰርሁት፤ ታምቡሩም ሳያስቸግር ወጣ። ዘንጉ የሚታሰርበትን ፍላንጅ መሃሉ ላይ የያዘው ትልቁ ዳዶ ግን አለፋኝ። መቆለፊያ ሽቦው ዝጎ ውስጥ ተሰብሮ ስለነበር በትንሽ በትንሹ እየመታሁ ማውጣት ነበረብኝ። የኢንች ቁልፎችዎን ለጎረቤት የማያውሱት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ገበያው ሁሉ ሚሊሜትር ሆኗል፤ ተቀራራቢውን ላስገባ ያለ ሰው የዳዶውን ጠርዝ በልቶት ይሄዳል።

ፍላንጁና የፍሬኑ ሳህን ሲወጡ አሮጌው ሲል ታየ። ከንፈሩ ጎማ መሆኑ ቀርቶ ደርቋል፤ በጥፍሬ ብጫነው ተሰነጠቀ። ከንፈሩን ጨብጣ የምታስይዘው ቀጭኗ ሞላም ዝጋለች። መኪና ቆሞ ሲውል ሲሉ ይደርቃል፣ እርስዎ ደግሞ ካመመዎ ወዲህ እምብዛም አላንቀሳቀሷትም።

አብዛኛው መካኒክ አዲሱን መትቶ አስገብቶ ይሄዳል። እኔ ግን የፍላንጁን አንገት ሳላይ አልገጥምም አልሁ። የሲሉ ከንፈር የሚሽከረከረው እዚያ ላይ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ብረቱን ይቦረቡረዋል። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ አዲስ ሲልም አያድነውም፤ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ስስ ቀለበት ይለብሳል። የእኛው ቦይ ግን ጥፍር የሚይዘው በትንሹ ብቻ ስለነበረ ዘይት በነካ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አለሰለስሁት። ወደ ርዝመቱ ቢፈገፈግ ጭረቱ ራሱ ለዘይቱ መንገድ ይሆናል። ከዚያ የአዲሱን ሲል ከንፈር ግራሶ ቀብቼ፣ ሞላው ያለበትን ወገን ወደ ዘይቱ አዙሬ፣ ጠፍጣፋ እንጨት ደግፌ ዙሪያውን እኩል እየመታሁ አስገባሁት። የካምቢዮው መተንፈሻም ጭቃ ይዞት ነበርና ጠራርጌዋለሁ፤ እሱ ከተደፈነ ሙቀቱ አየሩን አስጨንቆ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል።

ዘይቱ 90 ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ካምቢዮ 2.5 ሊትር ገደማ ይይዛል። ልኩ የሚታወቀው ለጥ ባለ ቦታ ስለሆነና የእኛ ሰፈር ያው እንደሚያውቁት ቁልቁለት ስለሆነ፣ ጎረቤታችን ግቢውን ፈቅደውልን እዚያ ሞላሁት። ወለቃ ድረስ ነድቼ ከተመለስሁ በኋላ ማታ ካርቶን ከሥሯ አነጠፍሁ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር።

የቀረው ሸራው ነው። በቤንዚን ባጥበውም ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ያወጣል። በእንዲህ ያለ ፍሬን ቁስቋም ዳገት ላይ መኪና አላቆምም። ስለዚህ ሁለቱንም ሸራዎች ከነብረታቸው አውልቄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአውቶቡስ ልኬያለሁ። መርካቶ ሱማሌ ተራ አካባቢ አዲስ ሸራ የሚለጥፉ አይጠፉም። እቴቴ ትሂድ ብል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ ቢያንስ አብረው ይሂዱ፣ የታክሲ ግፊያው ለዓይንዎ አይሆንም። ሸራው እስኪመጣ መኪናዋ በታኮ ቆማለች፤ ማንም አይነካትም።

ደባርቅ ድረስ በራሴ መኪና እወጣለሁ ብለዋል አሉ። እኔ አልከለክልዎም። ሐኪሙ ከፈቀደ እርስዎ ይነዳሉ። ካልፈቀደ እኔ እነዳለሁ፤ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስመልስ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ባልረገጥሁ ቁጥር ደግሞ ዳባት እስክንደርስ ይቆጡኛል።

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልዎ።

ልጅዎ፣ ከጎንደር