ዊዝድሮው ሳትሞዪ እንዳትመጪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጅማ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ነሽ እላለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽና ወንድምሽ ሰላም ብለውሻል። የቡና ለቀማው ደርሶ ግቢው በሙሉ ስጥ ሆኗል።

ማክሰኞ ማታ ደውለሽ «አባ፣ ትምህርቱን ላቋርጥና ቤት ልምጣ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አልነበረም፤ ድምፅሽ የልጄ ድምፅ አልመስል ብሎኝ ነው። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስድሽ፣ ክላስ ተቀምጠሽ መምህሩ የሚናገረው እንደማይገባሽ፣ ካፌ ገብተሽ መብላት ካቆምሽ ሁለት ሳምንት እንዳለፈሽ ስሰማ፣ ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ መክረምሽ አንጀቴን በላው። በዚያ ሰዓት ከአፌ ያልወጣውን አሁን ልጻፍልሽ፦ ነዪ። ለማረፍ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ፤ የእኔም የእናትሽም ፈቃድ ነው።

ነገር ግን «ላቋርጥ» ያልሽው ቃል አስደንግጦኛል። ዊዝድሮው ሞልቶ፣ ማለትም ትምህርቱን ለጊዜው ማቆሙን በፎርም አስመዝግቦ መውጣትና ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ መሄድ ለጎረቤት አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በሬጅስትራር፣ በተማሪዎች መዝገብ ቢሮው፣ መዝገብ ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ይህን የማውቀው ከደረሰብኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽም አፍሬ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አያትሽ በጠና መታመማቸውን የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝና በማግስቱ ሌሊት ተነሥቼ ወደ ጅማ ተሳፈርኩ። ለመምህር አልተናገርኩም፣ ፎርም አልሞላሁም፤ የዶርም ቁልፌን እንኳ ለጓደኛዬ ነበር የሰጠሁት። አያትሽን ስናስታምም ዓመቱ አለቀ። አገግመው ሲነሡልን በደስታ ወደ ኮሌጁ ብመለስ፣ መዝገብ ያዡ ስሜን ፈልጎ ካገኘ በኋላ ፈተና ባልተቀመጥኩባቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ እንደተመዘገበብኝና በውጤት ምክንያት እንደተሰናበትኩ ነገረኝ። የአባቴን ሕመም ባስረዳው ማስረጃ ጠየቀኝ፤ ከሐኪም ቤት ያወጣሁት አንዲት ወረቀት አልነበረችኝም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የማላውቀው ሕግ ነው የዘጋብኝ። ዲፕሎማዬን በኤክስቴንሽን፣ ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ የያዝኩት አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ነው። በምረቃዬ ፎቶግራፍ ላይ እናትሽ ያቀፈቻት ሕፃን አንቺ ነሽ።

ስለዚህ እባክሽ በቅድሚያ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ ክሊኒክ ሂጂና ለእኔ የነገርሽኝን ሁሉ ሳትቀንሺ ለሐኪሙ ንገሪው። እንቅልፍ ማጣትና ምግብ አለመብላት የሰነፍ ተማሪ ምክንያት አይደለም፤ ሕመም ነው፤ ሐኪሙ የሚጽፈው ማስረጃም በጤና ምክንያት መውጣትሽን የሚያስረዳልሽ እሱ ነው። ከዚያ የዲፓርትመንት ኃላፊሽን አነጋግረሽ ፎርሙን ከሬጅስትራር ትወስጃለሽ። ክሊራንሱ፣ ከየክፍሉ «ዕዳ የለባትም» እያሰኙ ማስፈረሙ፣ አድካሚ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ዶርሙ፣ ካፌው ሁሉም እየፈረሙ ይለቁሻል። የተዋስሽው መጽሐፍ ካለ ዛሬውኑ መልሺ። የተፈረመበትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ አድርጊ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው።

ሬጅስትራር ስትደርሺ ሳትጠይቂ እንዳትወጪ የምፈልገው፣ ለሪአድሚሽን፣ ማለትም ተመልሰሽ ለመግባት፣ የምታመለክቺው መቼ እንደሆነና ከትምህርት ርቀሽ መቆየት የሚፈቀድልሽ እስከ ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው። ይህ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጂስሌሽን፣ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለሚወሰን የጓደኛ ወሬ አይበቃም። ብዙዎቹ ኮርሶች በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚሰጡ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር መሃል የወጣ ተማሪ የሚመለሰው በአብዛኛው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሴሚስተር ነው፤ ከታችኛው ባች ጋር ትማሪያለሽ ማለት ነው። ጓደኞችሽ ቀድመውሽ የመውጫ ፈተና ተፈትነው ይመረቃሉ፤ ያ ቀን እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ አልዋሽሽም። የወጪ መጋራቱ ግን አያስጨንቅሽ፤ የሚከፈለው ተመርቀሽ ደመወዝ ስትይዢ ነው።

ወንድምሽ እንደ ሰማው፣ ለታመመ ተማሪ ኢንኮምፕሊት፣ «ውጤቱ ገና አልተሟላም» ተብሎ፣ ተይዞለት ፈተናውን በኋላ የሚቀመጥበት መንገድም አለ። ሐኪሙ በጥቂት ሳምንት ታገግሚያለሽ ካለሽ ጠይቂበት። እንደ እኔ ግን ገና ኅዳር ላይ ሆነሽ፣ ያልተማርሽው ትምህርት ከፊትሽ ተከምሮ እያለ፣ ግማሽ ልብሽ ክላስ ግማሹ አልጋ ላይ ሆኖ ከመጎተት አንድ ዓመት በደንብ ብታርፊ እመርጣለሁ።

እናትሽ የፈራችው የሰው አፍ ነው። ቡና ሲጠጣ «ልጅቷ ተባርራ ነው» መባሉ አይቀርም ትላለች። ተነጋግረናል፤ ለጠየቀን ሁሉ «ስላመማት በሕጋዊ መንገድ ዊዝድሮው ሞልታ ለማረፍ መጥታለች» እንላለን እንጂ አንደብቅሽም፣ ዘመድ ቤትም አንልክሽም። እዚህ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ክትትልሽን ከቤት እየተመላለስሽ ታደርጊያለሽ፤ አንዳችን ሁልጊዜ አብረንሽ እንሄዳለን። ቡና ለቀማ እንድታግዢን አልጠራሁሽም። ስትፈልጊ ከእናትሽ ጋር ስጡን ታገላብጫለሽ፣ ሳትፈልጊ ትተኛለሽ። «መቼ ነው የምትመለሺው?» ብዬም አልጠይቅሽም፤ የማመልከቻው ቀን ሲቃረብ ብቻ አስታውስሻለሁ።

የመጪውን ሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ። እሑድ ሀዋሳ እገባና ሰኞ ጠዋት ካንቺ ጋር ከቢሮ ቢሮ እንዞራለን፤ ቀኑ ካልበቃ ማክሰኞንም እጨምራለሁ። እስከዚያ ክሊኒኩን ብቻ ጨርሺልኝ፣ ማታ ማታም ደውዪልኝ፤ የምትናገሪው ባይኖርሽ እንኳ ዝም ብለሽ ያዢው። ሻንጣሽን እኔ እሸከማለሁ። የመጨረሻው ማኅተም ክሊራንስሽ ላይ ሳያርፍ ግን አውቶቡስ አንሳፈርም።

አባትሽ