የጦርነቱ ቁስል በዕዳና በብቸኝነት እያመረቀዘ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጦርነት በሰላማዊ ሰዎች ላይ ስለሚያደርሰው የሥነ ልቦና ስብራት በጋዜጦቻችን የሚወጡትን ጽሑፎች አዘውትሬ አነባለሁ። አብዛኞቹ ሰው በውጊያው ቀን ያየውንና የሰማውን በሰፊው ይተርካሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ኑሮ በቁስሉ ላይ የሚያደርገውን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በደቡብ ወሎ የሥነ አእምሮ ነርስ ሆኜ ስሠራ የታዘብኩት ከዚህ ስለሚለይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው በኅዳር መገባደጃ ነጻ ወጡ። በዚያ ሰሞን የልብስ ስፌት መኪናዋ የተዘረፈባት አንዲት እናት ወደ እኛ የመጣችው «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይርዳል» እያለች ነበር፤ በሯ በተንኳኳ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። መሣሪያ የያዙት ሰዎች የገቡት በሯን ደብድበው ስለነበር ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ስጠይቃት ግን አሁን በሯን የሚያንኳኩት የብድር ቡድኗ አባላት መሆናቸውን ነገረችኝ። መኪናዋን የገዛችው በቡድን ዋስትና በተወሰደ ብድር በመሆኑ፣ ትናንት አብረዋት ቡና ይጠጡ የነበሩ ጎረቤቶቿ ዛሬ የእሷን ዕዳ ከልጆቻቸው ጉሮሮ እየነጠቁ ይከፍላሉ። እሷም ዐይናቸውን ማየት አፍራ ከቡናው ቀርታለች። መድኃኒቱ ለእንቅልፏ ጠቅሟታል፤ በሩ ግን መንኳኳቱን አልተወም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። አኃዙ ከባድ ነው፤ ሆኖም በአንድ ፍንዳታ የደነገጡ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ አገግሞ ሌላው ለምን እንደሚቀር አይነግረንም። እኔ እንዳየሁት ደመወዙ የተመለሰለትና አዲስ አበባ የሚረዳ ዘመድ ያለው ቶሎ ይነሣል፤ የቀን ሠራተኛው ይቀራል። በትግራይም ባንክ ተዘግቶ የመንግሥት ሠራተኛው ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሲኖር፣ ሌላውን ማከም የነበረባቸው የአይደር ሆስፒታል ባለሙያዎች ሳይቀሩ ለልጆቻቸው የሚያበሉት አጥተው ነበር።

ሌላው ጉዳይ ለቅሶ ነው። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳ የሚያነሣው ቅሬ በሚባለው የሰፈር ዕድር ነው። በዚያ ወቅት ስንት ሰው ጥቂት ሰዎች ብቻ ቆመውለት፣ ድንኳን ሳይተከልለት ተቀበረ! በእኛ ሰፈር የቅሬው ድንኳንና ድስት ሳይቀር ተወስዷል። በመጠለያ የሚኖረው ተፈናቃይ ደግሞ አብረውት ያለቅሱ የነበሩ ሰዎች በየአቅጣጫው ስለተበተኑ ሐዘኑን ለብቻው ታቅፎ ተቀምጧል። በወጉ ያልተለቀሰለት ሞት ከዓመታት በኋላም እንደ ትናንት ሆኖ ክፍላችን ውስጥ ሲነገር እሰማለሁ።

ስለዚህ የምክር አገልግሎት ሥልጠና የሚያዘጋጁ ወገኖች የአበል በጀታቸውን ሲይዙ (ለእሱ ገንዘብ ጠፍቶ አያውቅም) ለቅሬዎች ድንኳንና ድስት መግዣም ቢያስቡ፣ አበዳሪ ተቋማትም ንብረቱ የተዘረፈበትን ሰው ዕዳ ከዋሶቹ ጫንቃ ላይ ቢያነሡ ከብዙ እንክብል የሚበልጥ ሥራ ይሆናል። በእኛ የታካሚ ካርድ ላይ ስለ ዕዳ የሚጠየቅበት ቦታ እንኳ የለም፤ እኔ በካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ከደቡብ ወሎ