ለማንኛውም መቀመጫ ይሆናል ተብሎ ስለተሸጠልኝ የሽንት ቤት መጠገኛ ዕቃ የቀረበ ቅሬታ

ለአምራች ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ልኩ ያልተገለጸው ዕቃ እንዲለወጥልኝና የማሸጊያው ጽሑፍ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ያረጀውን የሽንት ቤቴን የውሃ ሳጥን በራሴ እጅ ለመጠገን አስቤ፣ ድርጅታችሁ የሚያመርተውንና በማሸጊያው ላይ «ለማንኛውም ዓይነት መቀመጫ ይሆናል» ተብሎ የተጻፈበትን ሙሉ የመጠገኛ ዕቃ ገዝቼ ነበር። ዕቃው ግን ለእኔ ሳጥን የሚሆን አይደለም፤ ይህንንም ማወቅ የቻልኩት አሮጌውን ነቃቅዬ ካወጣሁ በኋላ ነው።

ዕቃውን ከመግዛቴ በፊት የብልሽቱን መነሻ በሚገባ አጣርቻለሁ። ሳጥኑ ማንም ሳይነካው በየጊዜው እየተንሿሿ ይሞላ ስለነበር፣ ጥቂት ጠብታ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሬበት ውሃ ሳልለቅ 30 ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ክዳኑን ስከፍት የመቀመጫው ውሃ ቀልቶ አገኘሁት። ስለዚህ ውሃው የሚያመልጠው በሳጥኑ ግርጌ፣ የመውጫውን አፍ በሚደፍነው ጎማ ሥር እንደሆነ ተረዳሁ።

የውሃውን መስመር ዘግቼና ሳጥኑን አድርቄ አሮጌውን ጎማ ሳወጣው ልፍስፍስ ብሎ እጄን እንደ ጥላሸት አጠቆረው። በአፉ ዙሪያ የጋገረውን ነጭ ዝቃጭ በኮምጣጤ አርሼ በስፖንጅ ከፈተግሁ በኋላ ጣቴን ዙሪያውን ባዞርበት ስንጥቅም ጉብታም አላገኘሁበትም። የእናንተን ጎማ ሳስቀምጥበት ግን ጠርዙ ወደ ጎን ተርፎ ከትርፍ ውሃ ማስወገጃው ቱቦ ጋር ተጋጨ፤ በአንድ በኩል ሲያርፍ በሌላው በኩል ይነሳል፤ ሰንሰለቱን ባላላውም ባሳጥረውም ለውጥ አላመጣም። በማስመሪያ ስለካው የሳጥኔ መውጫ አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጎማው የተሠራው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ አፍ ነው። ሁለቱም ልኮች በሰዎች ቤት እንደሚገኙ ዕቃውን የሚያመርት ድርጅት ያጣዋል ብዬ አላምንም፤ ታዲያ ቁጥሩን ማሸጊያው ላይ ማተም ስለምን ተተወ?

የመመሪያው ወረቀትም ሌላ ጥፋት አለበት። ቀጭኗን የመሙያ ቱቦ በትርፍ ውሃ ማስወገጃው ውስጥ እስከምትችለው ድረስ ወደ ታች አስገቡ ይላል። እንደታዘዝኩት ባደርግ የቱቦዋ ጫፍ ከሳጥኑ የውሃ ልክ በታች ስለዋለ ውሃውን እየሳበች ታወርደው ጀመር። ጫፏን ከማስወገጃው አፍ በላይ አንስቼ ሳስራት መሳቡ ወዲያው ቆመ። በተጨማሪም የፕላስቲኩን ዳዶ በመፍቻ «አጥብቃችሁ እሰሩ» የሚለው ትእዛዝ አደገኛ ነው፤ ሸክላው ከተሰነጠቀ ሳጥኑ በሙሉ ይበላሻልና። በእጅ አጥብቆ፣ ቢያንጠባጥብ ብቻ በትንሹ መጨመር ይበቃል። ተንሳፋፊው ያለበት የውሃ ማስገቢያ ክፍል ግን በደንብ የተሠራ በመሆኑ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ስልክ ደውዬ ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ መቀመጫውን በሙሉ ለውጡት የሚል ነበር። ይህን መልስ ልቀበለው አልችልም። ሸክላው ደህና ነው፤ ያለቀው በመዳፍ የሚያዝ አንድ ጎማ ነው። አሁን ውሃው እንዳይባክን ከተጠቀምን በኋላ ሁሉ መስመሩን በእጅ እንዘጋለን፤ አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ግድግዳው ሥር ወዳለው መዝጊያ ጎንበስ ማለት ያሠቃያቸዋል።

ስለዚህ ለ5 ሴንቲ ሜትር አፍ የሚሆን ጎማ እንድትልኩልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም የከፈልኩትን ገንዘብ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ከዚህም ጋር የአፉ ስፋት በማሸጊያው ፊት ለፊት በግልጽ ቁጥር እንዲታተም፣ ስለ ቱቦዋና ስለ ዳዶው የተጻፈውም እንዲታረም አጥብቄ አሳስባለሁ። ጎማውና ማስመሪያው ጎን ለጎን የሚታዩበትን ፎቶግራፍና የግዢ ደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ዕቃውን ለምርመራ ብትፈልጉት ከነማሸጊያው አስቀምጬዋለሁ፤ መልሳችሁን በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ