የመልክ ለውጡም ይነገር
ለአዘጋጁ፦

ስለ ካንሰር ሲጻፍ የመድኃኒት እጥረትና ወረፋ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። ሕክምናው የታካሚውን መልክ መለወጡ ግን እምብዛም አይነሳም።

ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ኬሞቴራፒዎች፣ ማለትም የካንሰር ሴሎችን የሚገድሉ መድኃኒቶች፣ ከተጀመሩ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ፀጉር ያራግፋሉ፤ አንዳንዶቹ ጥፍርም ያጠቁራሉ። ይህን አስቀድማ ያልሰማች ሴት ጠዋት ትራሷ ላይ እፍኝ ፀጉር ስታገኝ በሽታው የባሰባት ይመስላታል። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ሁሉ ስለሚያጠቃ የፀጉሩንም ሥር ይነካል እንጂ በሽታው አይደለም፤ ሕክምናው ሲያበቃ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይመለሳል።

በእኛ አገር ደግሞ የተላጨ የሴት ራስ ሐዘን ነው። ጎረቤት «ማን ሞተብሽ?» ይላል። ሕመሟን መግለጽ ያልፈለገች ሴት ከዕድርም ከማኅበርም ትቀራለች፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀጠሮዋንም እንዳትተው ነው።

ስለዚህ ኬሞቴራፒ የሚሰጡ ሆስፒታሎች ሕክምናው ሳይጀመር አንዲት ነርስ ታካሚዋንና አንድ ቤተሰቧን አስቀምጣ የሚመጣውን ለውጥ እንድታስረዳ ያድርጉ። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ለተነሳ ሴቶችም በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ከጥጥ የተሠራ የጡት ምትክ በአገር ውስጥ ልብስ ሰፊዎች አሰፍተው በነፃ ይስጡ።

የታካሚ እህት፣ ከአዲስ አበባ